መርቆሬዎስ የተባለው ቬኒሳዊ ሠዓሊ

ክርክሩን የጫረችው አንዲት ክንድ ናት። ሠዓሊው እመቤታችንን ሲሥል ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቀፋት። በአገሩ በጣሊያን ይህ ማንም የማይገረምበት የተለመደ አሣሣል ነበር። እዚህ ግን ሥዕሉ አትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ተቃውሞ ተነሣ። ቀኝ የክብር ወገን ነው፤ መራቂው «ቀኝ ያውልህ» ይላል፤ በምጽአት ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ይቆማሉ። ታዲያ ፈጣሪን በግራ ማቀፍ እንዴት ይሆናል? ንጉሡ ግን ሥዕሉን ወደውት ነበርና ባለበት እንዲቆይ አደረጉ። ታሪኩን ለዓለም ያደረሰው በ18ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ሠዓሊው ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሰው እንደነበረም ጽፏል።

አትሮንሰ ማርያም የነበረችው በጥንቱ የአማራ ምድር ነው። ያ ምድር ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ሲሆን በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ይከልሉታል። ወግዲ፣ ቦረናና ሳይንት የሚገኙበት ምዕራባዊው ደጋ እየተገመሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ዛሬ ወግዲ ወይም መካነ ሰላም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከዋናው መንገድ የራቀ የገበሬ አገር ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ግን ይህ ዙሪያ የመንግሥቱ እምብርት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም፤ ድንኳናቸውን እየነቀሉ ከአገር አገር ይዞሩ ነበር። ሀብታቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና አጽማቸውን የሚያኖሩት በአብያተ ክርስቲያናት ነው። ስለዚህ አንድ ንጉሥ ምን ያህል ኃያል እንደነበር ማየት የፈለገ ሰው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ያሠራውን ቤተ ክርስቲያን መፈለግ ነበረበት። ግሸን በዚህ ምድር ነች፤ ተድባበ ማርያም በሳይንት ነች፤ መካነ ሥላሴም እዚሁ አማራ ውስጥ ተሠራች። አትሮንሰ ማርያም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተጀምራ በልጃቸው በዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ዘመን የተፈጸመች፣ የነገሥታት መካነ መቃብር የሆነች ደብር ነበረች።

ቬኒሳዊው ሠዓሊ እዚህ የደረሰው በአጋጣሚ መንገድ ጠፍቶት አይደለም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ባለ እጅ መፈለግ የጀመሩት እሱ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ገቡ። መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ሲሆን ካመጡት ስጦታ መካከል ነብሮች ነበሩበት። ሲመለሱ የእጅ ሙያተኞችን ይዘው ተመለሱ። ዐፄ ይስሐቅም በ1420ዎቹ መጨረሻ ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ መልእክት ልከው ባለ ሙያ ጠየቁ። አልፎንሶ በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ ቀድሞ የላካቸው 13 ሙያተኞች መንገድ ላይ እንዳለቁ ይናገራል። አሥራ ሦስት ሰዎች! መንገዱ ምን ዓይነት እንደነበረ ይህ ብቻ ይበቃል። ተመራማሪዋ ቬሬና ክሬብስ በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ነገሥታቱ ከላቲኖች ዘንድ በዋናነት የፈለጉት ጠመንጃና ወታደር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን የሚያስጌጥ እጅ፣ ንዋየ ቅድሳትና የቅዱሳን አጽም ነበር ስትል ተከራክራለች። ማስረጃዎቹ ሲደረደሩ አባባሏ ሚዛን ይደፋል።

ፍላጎቱን ያበረታው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው። ንጉሡ ለእመቤታችን በዓመት 33 በዓላት እንዲከበሩ ደነገጉ፤ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። በዓል ካለ፣ ንባብ ካለ፣ ሕዝቡ ፊት የሚቆም ሥዕልም ያስፈልጋል። በእርግጥ አገሩ ሠዓሊ አጥቶ አያውቅም። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ትልቅ የእንጨት ገበታ የተሣለው በዚሁ ንጉሥ ዘመን በመነኩሴው በፍሬ ጽዮን እጅ ነው፤ ስሙም በላዩ ተጽፏል። የፍሬ ጽዮንን ሥራ ልብ ብሎ ያየ ሰው የጣሊያን ሥዕል እንደ ደረሰው ይገነዘባል። ማርያም አበባ ይዛለች፤ ሕፃኑ በወፍ ይጫወታል። እንዲህ ያለው ነገር ከምዕራብ የመጣ ነው፤ መሥመሩ፣ የልብሱ ጌጥና የመላእክቱ አቋቋም ግን ኢትዮጵያዊ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ በኢትዮጵያ ገበታ ላይ የተገናኙት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ነበር ማለት ነው።

ኒኮሎ ብራንካሌዮን የመጣው በ1480 ገደማ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ቬኒሳዊም ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ነበር። ጄንቲሌ ቤሊኒ በ1479 በቬኒስ መንግሥት ተልኮ ቁስጥንጥንያ ሄደ፤ በ1480 የሱልጣን መሐመድ ዳግማዊን መልክ ሣለና በ1481 ገደማ አገሩ ገባ። የጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ለቤሊኒ ጉዞ ብዙ ገጽ ይሰጣሉ። ከሁለት ዓመት ላልበለጠ ቆይታ ማለት ነው። ብራንካሌዮን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ፤ ቋንቋውን ለመደ፣ በአገሩ ስም ተጠራ፣ በግዕዝ ጻፈ። ለእሱ የተሰጠው ገጽ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሊካስ የሚገባው ግድፈት ነው።

በ1480ዎቹ መጀመሪያ ስለ ኢትዮጵያ መረጃ ያሰባሰበው ፍራንሲስካዊው ፍራንቼስኮ ሱሪያኖ በንጉሡ ግቢ ያሉ ጣሊያኖችን ስም ሲዘረዝር ቬኒሳዊውን ኒኮሎንም ይጠቅሳል። ለምን እንደ መጡ ሲጠየቁ የከበረ ድንጋይና ዕንቁ ፍለጋ ነው ብለው እንደ መለሱም ጽፏል። የፈለጉትን አላገኙም። ንጉሡ ደግሞ እንዲመለሱ አልፈቀዱላቸውም። ርስትና ደመወዝ ይሰጧቸዋል፤ መውጫውን ግን ይይዙባቸዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው የፖርቱጋል ንጉሥ ሰላይ ፔሮ ዳ ኮቪልያም ይኸው ገጠመው፤ ሚስት አግብቶ፣ ባለ ርስት ሆኖ እስከ እርጅናው እዚሁ ቀረ። ብራንካሌዮን የመጣው በገዛ ፈቃዱ ይሆናል። መቆየቱ ግን በሌላ ሰው ፈቃድ ነበር፤ ሥራዎቹ ሲታዩ ይህ መዘንጋት የለበትም።

እዚህ ላይ የብሩስ ትረካ አንድ ችግር አለበት። ብሩስ የአትሮንሰ ማርያምን ክርክር የሚያስቀምጠው በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን ነው። እሳቸው ግን የሞቱት በ1478 ነው። ኋላ የምናያቸው የፖርቱጋል መልእክተኞች ያገኙት ሠዓሊ በ1520ዎቹ «አርባ ዓመት አለፈኝ» የሚል ሰው ከሆነ ደግሞ የገባው በልጃቸው በዐፄ እስክንድር (1478–1494) ዘመን ነው። እስክንድር ሲነግሡ ገና ሕፃን ስለነበሩ መንግሥቱን የሚመሩት እቴጌ እሌኒና መኳንንቱ ነበሩ። ብሩስ ታሪኩን የሰማው ነገሩ ከሆነ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አባት የሠሩትን ደብርና በልጅ ዘመን የመጣውን ሥዕል አፍ ለአፍ የተላለፈ ወሬ አንድ ላይ ቢቀላቅላቸው አይደንቅም። ንጉሡ ማንም ይሁኑ፣ የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን የሚታመን ነው፤ ቀኝና ግራ በዚህ አገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለምና።

ሠዓሊው ከቤቱ ይዞ የመጣው ዓይንም ንጹሕ «ምዕራባዊ» የሚባል አልነበረም። የዚያን ጊዜዋ ቬኒስ ቀርጤስ ደሴትን ትገዛ ነበር፤ የቀርጤስ ሠዓሊዎች የግሪኩንም የላቲኑንም አሣሣል ያውቁ ነበር። በ1499 የተፈረመ አንድ ውል አለ፦ ነጋዴዎች ከሦስት የቀርጤስ ሠዓሊዎች 700 የማርያም ሥዕሎች አዘዙ፤ 500ው በላቲን፣ 200ው በግሪክ አሣሣል እንዲሆን ተስማሙ፤ የማስረከቢያው ጊዜ 45 ቀን ብቻ ነበር። በቬኒስ ገበያ ምሥራቅና ምዕራብ በደንበኛ ምርጫ የሚሠራ ሁለት ዓይነት ዕቃ ሆኖ ነበር። ከዚህ ገበያ የወጣ ባለ ሙያ አማራ ምድር ሲደርስ፣ ደንበኛው የሚፈልገውን አይቶ እጁን ማስተካከል የለመደ ሰው ነው።

እጁንም አስተካከለ። የእሱ ከሆኑት ወይም ለእሱ ከተሰጡት ገበታዎች አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይህን ያስረዳል። መካከለኛው ገበታ ላይ ምስለ ፍቁር ወልዳ አለች፤ በጎንና በጎኗ ሰይፍ የመዘዙት ሚካኤልና ገብርኤል ቆመዋል። የአገሩ ልማድ ፊትን ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካቹ ማዞር ሲሆን የእሷ ግን ትንሽ ዘንበል ብሏል። ጉንጯና የአንገቷ ሥር በስሱ ጠቆር ተደርጎ ሥጋ ያለው መልክ ተሰጥቶታል። የካባዋ እጥፋት ከጉልበቷ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጣሊያን ነው። ነገር ግን በስተጀርባዋ ቤት የለም፣ ተራራ የለም፣ ሩቅና ቅርብ የሚያሳይ መልክዓ ምድር የለም። በዚያ ዘመን የቬኒስ ሠዓሊዎች የሚፎካከሩበትን ነገር እሱ እዚህ ትቶታል። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ራስ በላይ ስሙ በግዕዝ ተጽፏል። ማዕዘኑንና ርቀቱን የረሳው ስላልቻለ አይመስልም፤ እዚህ የሚጸለይበት ሥዕል ያን ስለማይፈልግ ነው።

ገበታውም የአገሩ ነው። እንጨቱ ይጠረባል፣ ይለሰልሳል፣ በነጭ ጀሶ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይገባበታል። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በማጠፊያ የተያያዙ ገበታዎች እንደ መጽሐፍ ይዘጋሉ። ከድንኳን ወደ ድንኳን ለሚጓዝ መኮንን፣ ከገዳም ወደ ገዳም ለሚዞር መነኩሴ የሚመች ነው። ይህ ቅርጽ ኋላ ለሥራዎቹ መትረፍ ምክንያት ሆነ።

የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ ብራንካሌዮን ሽማግሌ ነበር። የልዑኩ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ አግኝቶት እንደ ነበረ ይተርካል። አገሬው መርቆሬዎስ ይለው ነበር፤ ቋንቋውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ባለጸጋና የተከበረ ሰው ነበር። ሰውዬው ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እንዲህ መከበሩ አልቫሬዝን ገርሞታል። በአውሮፓም በኢትዮጵያም በእጁ የሚሠራ ሰው እንደ ጌታ የሚታይበት ጊዜ አልነበረም። ቀጥቃጩና ሸማኔው ይናቅ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ግን ብዙውን ጊዜ ካህን ወይም ደብተራ ስለሆነ ከዚህ ንቀት ያመልጥ ነበር። መርቆሬዎስ ካህን ባይሆንም በዚሁ ጥላ የተጠለለ ይመስላል።

አልቫሬዝ አንድ ውድ ነገር ጨምሯል። በጊዮርጊስ ስም በተሠራ የንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በሥርዓትና በልክ በተሣሉ ሥዕሎች ተሸፍኖ አይቷል፤ የሠራቸው ይኸው ቬኒሳዊ እንደሆነና ስሙም በሥዕሎቹ ላይ እንደ ተጻፈ መዝግቧል። ስም መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬ ጽዮን ስሙን ሲያስጽፍ ራሱን ኃጢአተኛ ብሎ ነው፤ ጸሎት እንዲደረግለት። ብራንካሌዮን ስሙን በግዕዝም በላቲንም ጽፏል፤ ቬኒሳዊ መሆኑንም አልተወም። ከአርባ ዓመት በኋላም ከየት እንደ መጣ የሚያነብለት ሰው የፈለገ ይመስላል።

ዐፄ ልብነ ድንግል በእሱ ብቻ አልተወሰኑም። ከፖርቱጋሎቹ ጋር የመጣውን ሠዓሊ ላዛሮ ዴ አንድራዴን እንዲቀር አደረጉ፤ ለፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ደብዳቤም ተጨማሪ ባለ ሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠየቁ። ልዑኩ በ1526 ወጣ። ከዚያ በኋላ ብራንካሌዮን የት እንደ ሞተ የሚናገር መዝገብ የለም።

በአምስት ዓመት ውስጥ እሳቱ መጣ። በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር አማራ ምድር ገባ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ በአድናቆትና በድል ስሜት መካነ ሥላሴን ሲገልጽ በወርቅ የተለበጠውን ግንብና በላዩ ያሉትን ምስሎች ያነሣል። ኢማሙ አብረዋቸው ያሉትን ዓረቦች በሮም ወይም በሕንድ ወይም በሌላ አገር እንዲህ ያለ ሕንፃ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ አላየንም፣ ሰምተንም አናውቅም አሉ። ከዚያ ተቃጠለ። አትሮንሰ ማርያምም በዚሁ ዘመቻ ተዘርፋ ተቃጠለች። ብሩስ የግራ ክንዱ ሥዕል በዚያው ደብር እስከ 1709 ቆይቶ በጦርነት ጠፋ ይላል። እንዲህ ከሆነ ሥዕሉ በ1531 ተደብቆ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ሸሽቶ መመለስ ነበረበት። ይህ የማይቻል አይደለም፤ ዓባይ በረሃ ለሚሸሽ ካህን ቅርብ ነው። ሆኖም የብሩስን ቃል የሚያጸና ሌላ ምስክር ሳይገኝ እንደ እርግጠኛ ታሪክ መያዝ ይከብዳል።

ግድግዳ አይሸከሙትም። የታጠፈ ገበታ ግን በነጠላ ተጠቅልሎ በብብት ይያዛል። ከብራንካሌዮን ሥራ ዛሬ የቀረልን ይህ ዓይነቱ ነው፤ ከተገኘውም ብዙው ከዓባይ ማዶ ከጎጃም ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዋ ዳያና ስፔንሰር ሉቃስ ሣላቸው የሚባሉ ጥንታዊ ሥዕሎችን ፍለጋ በበቅሎና በእግር ጎጃምን ስትዞር ዋፋ ኢየሱስ በተባለ ቤተ ክርስቲያን ስሙ የተጻፈበትን ሥዕል አገኘች፤ በጌቴሴማኒ ማርያምም የእሱ የሆነ በሥዕል ያጌጠ የብራና መጽሐፍ አለ። ውጤቱን በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አወጣችው። እስከዚያ ድረስ መርቆሬዎስ በሱሪያኖ፣ በአልቫሬዝና በብሩስ ገጾች ላይ የሚኖር ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እጁ ታወቀ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያደራጁት ስታኒስላው ሆይናትስኪና ሌሎች ተመራማሪዎች በየቦታው የተበተኑ ገበታዎችን ከዚህ እጅ ጋር እያስተያዩ ለእሱና ለተከታዮቹ ሰጧቸው።

ተከታዮቹን መዘንጋት አይገባም። ከ1500 ገደማ ጀምሮ የተሣሉ ብዙ ገበታዎች የእሱን የፊት አሠራር ይዘው መሥመራቸው የአገሬው ነው። እነዚህን የሣሉት ስማቸው ያልተጻፈ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የቬኒሱን ጥላ ወስደው ቀለል አደረጉት፤ የልብሱን እጥፋት ወስደው ወደ ጌጥ ለወጡት። መምህሩ ኢትዮጵያዊ ዓይን ሲማር፣ ተማሪዎቹ ደግሞ ከእሱ የሚበጃቸውን ብቻ ለቅመው ወሰዱ። ፈረንጅ መጥቶ አስተማረ ብሎ ማለፍ የነዚህን ሰዎች ምርጫ መሠረዝ ነው።

ያቺ ያስቆጣችው የግራ ክንድስ ምን ሆነች? ከ1557 ጀምሮ የገቡት ኢየሱሳውያን ኋላ ላይ በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን ጥንታዊት የማርያም ሥዕል ቅጂ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ይቺኑ ሥዕል በሕንድ ለንጉሥ አክባር ግቢ አድርሰዋታል፣ ቻይናም ገብታለች። በሥዕሏ ላይ ሕፃኑ ያለው በግራ ክንድ ነው፤ የእናቲቱ እጆች ከፊቱ ተጠላልፈዋል፣ በጣቶቿ መሐረብ ይዛለች። ኢየሱሳውያን በ1630ዎቹ በዐፄ ፋሲል ትእዛዝ ተባረሩ። ሥዕሏ ግን አልተባረረችም። በጎንደር ዘመን ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው የሣሏት፣ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ከእግሯ ሥር ተደፍቶ የሚታይባት ምስለ ፍቁር ወልዳ ይህቺ ናት። ዛሬ ወግዲ ውስጥ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈች የወረቀት ሥዕል ብትታይ ሕፃኑ በግራ ክንዷ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ማንም አይቆጣም።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚቀረው የፍለጋ ሥራ ግን ገና ብዙ ነው። ተድባበ ማርያም፣ በቦረናና በወግዲ ያሉ የቆዩ አድባራት ሁሉ ዕቃ ቤት አላቸው፤ ለበዓል ብቻ የሚወጡ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ፣ በዕጣንና በሰም ጭስ የጠቆሩ ገበታዎችም በየአድባራቱ አይጠፉም። ከጭሱ ሥር ዘንበል ያለ ፊት፣ ጉንጭ ላይ ስስ ጥላ፣ ከጫፉ የግዕዝ ስም ያለው ገበታ ከተገኘ የዓባይ ማዶውን ግኝት የሚያሟላ ይሆናል። ሥዕሉን ከቦታው ሳያነሡ፣ ካህናቱ ቆመው እያዩ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሥቶ መመዝገብ ይቻላል። ለዚህ ሀገረ ስብከቱ፣ የወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን አብረው ቢሠሩ ይበቃሉ፤ መጀመር ያለበትም ከሳይንት እስከ ወግዲ ካሉት፣ ዕድሜያቸው ከ1531 በፊት ነው ተብሎ ከሚነገርላቸው አድባራት ነው።